ድንበር ጥሎት የሄደ አገር

ኦሮራ ውስጥ መተማን የማያውቅ የጎንደር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጥቂቱ ተወልዶበት ያውቀዋል፤ ብዙው ግን በሌሊት አልፎበት ነው። በደርግ ዘመን ከጭልጋ በታች ያለውን ቆላ በእግሩ ቆርጦ፣ ጋላባት ገብቶ፣ ገዳሪፍ ላይ ዓመታት ቆጥሮ ኮሎራዶ የደረሰ ሰው ሃቫና ጎዳና ቡናውን ይዞ «ድንበር» ሲል፣ በልቡ ያለችው መተማና ጋላባትን የምትለየው ቀጭን ወንዝ ናት። ለእኔ ያችው ወንዝ ሌላ ትዝታ አላት። ያደግሁት ገንዳ ውሃ ነው፤ የአባቴ ወገኖች ሰሊጥ ያርሳሉ። በልጅነቴ ድንበር ማለት ከብትና ሰሊጥ ወደዚያ፣ ሳሙናና ጨርቅ ወደዚህ የሚያልፍበት፣ ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ሰው አፍ የሚደባለቁበት ሥፍራ ነበር። ወታደር ነበር፤ ገበያው ግን ከወታደሩ ይበልጥ ነበር።

ኮሎራዶ ውስጥም አንድ ጊዜ የጠረፍ አገር የነበረ፣ ድንበሩ ግን ጥሎት የሄደ የገጠር ካውንቲ እንዳለ ስሰማ ላየው ጓጓሁ። ስሙ ኮስቲያ ይባላል። አብረውኝ የመጡት በ1970ዎቹ መተማን በሌሊት የተሻገሩ፣ ኦሮራ ላይ ልጆች አሳድገው ለጡረታ የበቁ የደንቢያ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል።

ከዴንቨር ወደ ደቡብ ሲወርዱ ተራሮቹ በስተቀኝ አብረው ይጓዛሉ፤ በስተግራ ያለው ሜዳ ማለቂያ የለውም። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ታልፎ ፑዌብሎ ሲደረስ መንገዱ የአርካንሳስን ወንዝ ይሻገራል። በሃይዌይ የሚከንፍ መኪና ልብ ሳይለው ያልፈዋል። እኛ ግን ወርደን አየነው፤ ምክንያቱም ይህ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1819 እስከ 1848 የሁለት አገር ወሰን ነበር። (የአሜሪካውን ታሪክ በእነሱው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አሜሪካና ስፔን በውል ለያዩት፤ ሜክሲኮ በ1821 ነጻ ስትወጣ ደቡባዊው ዳርቻ የእሷ ሆነ። ከወንዙ በስተሰሜን አሜሪካ፣ ከወንዙ በስተደቡብ ሜክሲኮ።

በ1921 ከተማዋን ካጥለቀለቀው ጎርፍ በኋላ ወንዙ ራሱ መንገዱን እንዲቀይር ተደርጓል። ድሮ ይወርድበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን መናፈሻ አለ፤ ቤተሰብ ይንሸራሸራል፣ ልጆች በእግር የምትዘወር ጀልባ ይነዳሉ። ጋሼ የድልድዩን ብረት ይዘው ቁልቁል ተመለከቱ።

«እዚህ ላይ ሰው ተይዞ ያውቃል?» አሉኝ።

እኔ ያነበብኩት ስለ ነጋዴ ነበርና እሱኑ ነገርኳቸው። ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ በወንዙ የአሜሪካ ዳርቻ፣ ቤንት የሚባሉ ወንድማማቾች በ1830ዎቹ መጀመሪያ ትልቅ የጭቃ ምሽግ ሠርተው ከሜክሲኮ ነጋዴዎችና ከሻየን ሕዝብ ጋር የጎሽ ቆዳ ይለዋወጡ ነበር። በ1846 ግን የአሜሪካ ጦር ሜክሲኮን ሊወጋ ሲዘምት እዚያው ምሽግ ላይ ተሰባስቦ ወንዙን ተሻገረ። የነጋዴው መንገድ የጦር መንገድ ሆነ። መተማም ቢሆን እንዲሁ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቡናና ሰም፣ ፈረስና በቅሎ፣ የሰው ልጅም ጭምር የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ገጥመው የወደቁበት ሜዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ፣ በ1894 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር ተዋውለው ድንበሩ በወረቀት ሰፈረ፤ በዓመቱም ጉዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በምድር ላይ ምልክት እያደረገ ሄደ። በሁለቱም አገር ገበያው ቀድሞ ነበር፤ ጦሩ ሁለተኛ መጣ፣ አዲሱ ካርታ ከሁሉም ኋላ።

ጋሼ አልመለሱልኝም። የፈለጉት የነጋዴ ታሪክ እንዳልነበረ የገባኝ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። «እኛ ስንሻገር» አሉ፣ «ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። እኔ ግን ያን ያህል ሰፊ ወንዝ አይቼ አላውቅም።»

ከዎልሰንበርግ መንገዱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ላ ቪታ ፓስን ይወጣል። ከ2,800 ሜትር በላይ የሆነው በር ላይ ጥዱ ጥቅጥቅ ይላል፤ አየሩ ደብረ ታቦርን ያስታውሳል። ሌላው ጎን ሲወረድ ግን ጥዱ በአንድ ጊዜ ያልቅና የሳን ልዊስ ሸለቆ ይዘረጋል። ሸለቆ ማለት ቆላ ነው ብሎ የለመደ አእምሮ እዚህ ይቸገራል፤ የሸለቆው ወለል ከጎንደር ከተማ ከፍ ይላል። ደረቅ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ዛፍ የሚታየው ውሃ ባለበት ብቻ ነው። በስተሰሜን የብላንካ ተራራ ከ4,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ቆሟል። ናቫሆዎች የዓለማቸውን ምሥራቅ የሚጠብቅ ቅዱስ ተራራ ይሉታል። ከስፓኝኛ ተናጋሪው ገበሬ በፊት ሸለቆው የዩት ሕዝብ የአደንና የግጦሽ አገር ነበር። መንደሮቹ ሲተከሉ ዩቶች ተዋጉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለሰፋሪው ጥበቃ በ1852 አንድ ምሽግ፣ በ1858 ደግሞ አሁን ሙዚየም የሆነውን ፎርት ጋርላንድን ሠራ፤ በኋላ ዩቶችን ከሸለቆው አስወጣ። ከዚህ በታች ስለ ገበሬዎቹ መብት በፍቅር የምጽፈውን ሁሉ የምጽፈው ይህን ይዤ ነው። በመተማና በቋራ ቆላም ሰሊጥ ፈላጊው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት የኖሩ ጉሙዞች አሉና፣ ነገሩ ለእኔ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ኮስቲያ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 3,499 ሰው ነበረው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመተማ ወረዳ ብቻውን ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አለው፤ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ደግሞ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ይጨመርበታል። እዚህ ግን በሜዳው ላይ ተራርቀው የቆሙ ተጎታች ቤቶች፣ ፀሐይ መቀበያ ሰሌዳዎች፣ የውሃ በርሜሎች ይታያሉ። ነገሩ የተጀመረው የፎርብስ መጽሔት ባለቤት ማልኮም ፎርብስ በ1969 ትሪንቼራ የተባለውን ሰፊ ርስት ገዝቶ ከፊሉን በየአምስት ኤከሩ እየሸነሸነ በማስታወቂያ ለሩቅ ሰው መሸጥ ሲጀምር ነው። ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። ውሃ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ግን «የራሴ» የሚባል መሬት። ኦሮራ ውስጥ ስለዚህ ርካሽ መሬት የሚያወሩ የታክሲ ሾፌሮች አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። መሬት የሌለው ሰው ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ አምስት ኤከር የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል።

ሳን ልዊስ የካውንቲው ዋና ከተማ ናት፤ ስድስት መቶ ያህል ሰው ይኖርባታል። በ1851 የተቆረቆረች፣ በኮሎራዶ ሰው ሳይለያት የቆየች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ዴንቨር ራሷ የተመሠረተችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ታሪኳ የሚጀምረው ግን ገና ድንበሩ አርካንሳስ ላይ ሳለ ነው። የሜክሲኮው ገዥ ማኑኤል አርሚሆ በ1844 አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚያህል መሬት ለሁለት ሰዎች ሰጠ፤ ከሐሳቡ አንዱ ባዶ የሚመስለውን የሰሜን ጠረፍ በሰው አጥሮ አሜሪካኖችንና የቴክሳስ ሰዎችን መመከት ነበር። የእኛም መንግሥታት ጠረፍን በሰፋሪ ማጠር ይወዳሉ፤ ከደጋው ተነሥተው መተማና ቋራ የሰፈሩ ጎረቤቶች ነበሩን። የአርሚሆ ሰፋሪዎች ግን ከታኦስ ተነሥተው ሳይደርሱ ጦርነቱ ተነሣ፣ ሜክሲኮ ተሸነፈች፣ በ1848ቱ የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ድንበሩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወረደ። ሰፋሪዎቹ ለድንበር ጥበቃ ወደታሰበው መሬት የመጡት ድንበሩ ከሄደ በኋላ ነው። ከብት፣ በግ፣ ዘርና አካፋ ይዘው መጡ፤ መጀመሪያ የሠሩትም ቦይ ነው።

ቦዩን ያየነው ከከተማው ጥግ ነው። ሰው በእርምጃ ሊሻገረው የሚችል፣ በሣር የተሸፈነ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ውሃ ነው። የሳን ልዊስ ሕዝብ ቦይ ይሉታል። የውሃ መብቱ የተቆጠረው ከኤፕሪል 10 ቀን 1852 ጀምሮ ነው፤ በኮሎራዶ ካሉት ሳይቋረጡ የዘለቁ መብቶች ሁሉ የቀደመ። ውሃው የሚመጣው ከምሥራቅ፣ ከኩሌብራ ተራራ በረዶ ነው። እንዲህ ያለውን የጋራ ቦይ አሲኪያ ይሉታል፤ ሁሉም ቦይ ማዮርዶሞ የሚባል ኃላፊ አለው። ተራ የሚያወጣው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ በጸደይ ቦዩ ሲጠረግ ሰው የሚያሰማራው እሱ ነው።

አንድ የጎማ ቦት ያደረጉ ሽማግሌ አካፋ ተደግፈው ቆመው ነበር። ሰላምታ ሰጥተን ስንቀርብ የእንጨት መዝጊያዋን ከጎድጓዷ መዝዘው አወጡ፤ ውሃው አመነታና ወደ አልፋልፋው እርሻ ዞረ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን በዝምታ አየን። የውሃውን ጫፍ ተከትለው ይሄዳሉ፤ ጫፉ ደረቅ ሣርና ገለባ እየገፋ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ተንፈቅፍቆ ወደ መሬት ጠለቀ። የፍልፈል ጉድጓድ ነው። ሽማግሌው ጓል በአካፋ ቆርጠው ጣሉበት፣ በተረከዛቸው ደፈቁት፣ ውሃው እንደገና መሄድ ጀመረ።

«ከየት ናችሁ?» አሉን።

«ከኦሮራ።»

አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ኦሮራ? ውሃ ልትገዙ መጣችሁ?»

አልሳቁም። ጥያቄው መሠረት ስላለው እኔም መሳቅ አልቻልኩም። የኦሮራ ከተማ በ1980ዎቹ ከአርካንሳስ ሸለቆ ከሮኪ ፎርድና ከክራውሊ ካውንቲ ገበሬዎች የመስኖ ውሃ መብት ገዝታ ውሃውን በተራሮቹ አሻግራ ወደ ቧንቧዋ አስገብታለች። ሐብሐብና ሹገር ቢት የሚባለው የስኳር ተክል ይበቅልበት ከነበረው መሬት ብዙው ዛሬ አረም ነው። ሽያጩ ሕጋዊ ነበር፤ ገበሬዎቹም ተከፍሏቸዋል። ግን ሁለት ሰው ሲሸጥ ሦስተኛው ቦይ መጥረጊያ ሰው ያጣል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይሆናል። የሳን ልዊስ ሸለቆንም ውሃ ወደ ዴንቨር አካባቢ ለመውሰድ ተደጋጋሚ ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ በ2022 እንኳ የዳግላስ ካውንቲ ሹማምንት አንዱን ተመልክተው የታሰበውን ገንዘብ ሳያወጡበት ቀርተዋል። የሸለቆው ሰው አንድ ሆኖ ተቃውሞት ነበር። ጠዋት ፊቴን የምታጠብበት፣ ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ከፊሉ የማንን ቦይ አድርቆ እንደመጣ ኦሮራ ውስጥ ማንም ነግሮን አያውቅም። ማወቅ ግን ይገባን ነበር፤ እኛ የገበሬ ልጆች ነን።

ጋሼ ነገሩን ያበረዱት በራሳቸው መንገድ ነው። «አባቴ የውሃ አባት ነበሩ» አሏቸው፤ እኔም ተረጎምኩ። በደንቢያም በጎጃምም መስኖ ባለበት ሁሉ ተራ የሚያወጣ፣ ከላይ ያለው ከታች ያለውን እንዳያስጠማ የሚቆጣጠር ሰው አለ፤ መንደሩ መርጦት፣ ደመወዝ ሳይኖረው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው በረከተ። ውሃ የሰረቀ ምን ይደረጋል? የሟች ተራ ለማን ይተላለፋል? ጋሼ መለሱ፤ ተራቸውን ጠየቁ። እዚህ ትልቅ መሬት ያለውም ትንሽ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ድርቅ ሲሆን ሁሉም ይቀነስበታል። ይህ ከኮሎራዶ ሕግ የተለየ ነው፤ በሕጉ ቀድሞ ውሃ የያዘ ድርሻውን ሞልቶ ይወስዳል፣ የዘገየው ባዶ እጁን ይቀራል። አሲኪያዎች በሕግ በቂ ዕውቅና ያገኙት በ2009 ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በአብዛኛው በልማድ ነው የኖሩት። ወሬው ሳያልቅ ጋሼ አካፋውን ተቀብለው የሚቀጥለውን ጓል ቆረጡ።

መሬቱም የተከፈለበት መንገድ አለው። ከቦዩ ተነሥቶ እስከ ኮረብታው የሚዘልቅ ጠባብና ረጅም ቁራሽ ነው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ፤ ሁሉም ከውሃው፣ ከሜዳውና ከደረቁ መሬት እንዲደርሰው። ከከተማው አጠገብ ቬጋ የሚባል የጋራ ግጦሽ አለ፤ ከስድስት መቶ ኤከር በላይ ይሆናል፣ አሁንም የማንም የግል ንብረት አይደለም። አጥር ለአጥር ከተያያዘው ኦሮራ ለመጣ ሰው ይህን አሜሪካ ውስጥ ማየት ይገርማል። አሜሪካን የምናውቃት በሞርጌጅና በ«መግባት ክልክል ነው» ሰሌዳ ነው፤ የወል ግጦሽ የሚባለውን ነገር ከኋላችን ትተነው የመጣን ይመስለናል።

ትልቁ የወል ሀብት ግን ተራራው ነበር። ካርሎስ ቦቢየን የተባለው ባለርስት በ1863 በጻፈው ሰነድ ሰፋሪዎቹ በጋራ እንዲያግጡ፣ ውሃ፣ ማገዶና የቤት እንጨት እንዲወስዱ፣ አንዱም ሌላውን እንዳይጎዳ ፈቀደ። ርስቱ ከእጅ ወደ እጅ ቢሸጥም ሰዉ ላ ሲዬራ እያለ በሚጠራው ተራራ ላይ መቶ ዓመት ያህል ከብቱን ሰደደ፣ እንጨቱን ቆረጠ። በ1960 ጃክ ቴይለር የተባለ የሰሜን ካሮላይና የእንጨት ነጋዴ 77,000 ኤከር ያህሉን ገዝቶ አጠረው፤ ፍርድ ቤትም ለእሱ ፈረደ። ግጦሹ ሲዘጋ መንጋው አለቀ፤ ወጣቱ ወደ ፑዌብሎና ወደ ዴንቨር ሄደ። የቀሩት በ1981 እንደገና ከሰሱ። ክሱ እየተንከባለለ ከሳሾች አረጁ፣ ሞቱ፣ ልጆቻቸው ተተኩ፤ ቴይለርም ሞተ፤ በ2002 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግጦሽ፣ የማገዶና የእንጨት መብታቸው አልሞተም ብሎ ፈረደ። አደንና ዓሣ ማጥመድ ግን አልተፈቀደም። ዛሬ መብታቸው የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች የተራራውን በር ቁልፍ ይዘዋል፤ ባለቤቱ ግን አሁንም ሌላ ነው።

ይህን ስሰማ መንዝ ላይ ያለው ጓሳ ታወሰኝ። ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ያንን ሣር ዘግቶ ጠብቋል፤ ዓመታት ጠብቆ በአንድነት ያጭደዋል፣ ቤት ይከድንበታል። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ፣ ገባሩን ነጻ ያወጣው ያ ታላቅ አዋጅ፣ ቀሮን ግን አፈረሰው፤ ሕዝቡ በሌላ ስም ዳግም እስኪያቋቁመው ድረስ ሣሩ ተጎዳ። እዚህ የወል መሬትን የወሰደው የግል አጥር ነበር፤ እኛ ዘንድ የመንግሥት ወረቀት። በሁለቱም በኩል ያዳነው ያው ነገር ነው፦ ማን ምን እንደሚገባው የሚያስታውሱ ሰዎች ከቦታው አለመነቀላቸው። ለዚህ ነው ከኮስቲያ ታሪክ ሁሉ የፍርዱ ቀን ሳይሆን ከ1960 እስከ 2002 ያለው አርባ ሁለት ዓመት የሚያስደንቀኝ። ተስፋ ሲቆርጡ መሸጥ ይችሉ ነበር።

በዋናው መንገድ ላይ ዳሪዮ ጋዬጎስ በ1857 የከፈተው ሱቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ዘሩ እየተቀባበለ ዱቄትና ሥጋ ሲሸጥበት የኖረ፣ በኮሎራዶ የንግድ ቤቶች ሁሉ አንጋፋ። ምሳ የበላነው ግን ከዚያ አይደለም። አንዲት እናት ከግቢያቸው በር ላይ ቺኮስ ይሸጡ ነበር፤ ጋሼ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን የተጨማደደ በቆሎ በእጃቸው ሲያገላብጡ አይተው «ግቡ፣ ድስት ላይ አለ» አሉን። ከጓሮ ክብ የጭቃ ምድጃ አለ። እሸት በቆሎ ከነቅርፊቱ ፍሙ በተጠረገበት ምድጃ ይገባል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ሌሊቱን በእንፋሎቱ ያድራል። በማግስቱ ቅርፊቱ ወደ ኋላ ተልጦ በገመድ ይሰቀልና ይደርቃል። ክረምቱን ከቦሎቄ ጋር ይቀቀላል። ያቀረቡልን እሱን ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ በጥርስ ሲያዝ ይፈነዳል፣ ውስጡ ጣፋጭ ነው። ጋሼ «የተጠበሰ ንፍሮ» አሉ፤ ከዚያ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም። ከጎኑ የፑዌብሎ ቃሪያ በቀጭን ወጥ ነበረ።

በቆሎውም ቃሪያውም ከዚህ ምድር ወጥተው ነው በውቅያኖስ ተሻግረው እኛ ጋ የደረሱት። አሁን በርበሬ የሌለበትን ወጥ ሐበሻ ወጥ አይለውም። ይህን ለሴትየዋ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ከጠፋ ዘመድ ጋር ነው የምበላው» አሉና ሁለተኛ ጭልፋ ጨመሩልን። ሁለት ልጆቻቸው ዴንቨር ይሠራሉ፤ አንዱ በየበጋው ለአጨዳ ይመጣል።

ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ጉብታ ላይ ኡቤርቶ ማዬስታስ የሠራቸው የነሐስ ምስሎች የጌታን የመከራ መንገድ ያሳያሉ፤ ተራሮቹም የክርስቶስ ደም ነው የሚባሉት። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁሉም ምስል ጋ እየቆሙ፣ በራሳቸው ጸሎት ወጡ። በዚህ ሸለቆ ካህን ብርቅ በነበረበት ዘመን የምእመናን ማኅበራት ነበሩ ሕማማትን የሚመሩት፣ ሙት የሚቀብሩት፣ መበለት የሚጦሩት። በአጎራባቹ ኮኔሆስ ካውንቲ፣ አንቶኒቶ ላይ፣ ሴሌዶንዮ ሞንድራጎን በ1900 የመሠረተው የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ደግሞ አባሉ ሲታመም የሚያግዝ፣ ሲሞት የሚቀብር ነበር። ስሙን በስፓኝኛ ብታነቡት ረጅም ነው፤ ሥራውን ብታዩት ግን እድር ነው። በኦሮራ እኛ ቀብር ለመሸፈን፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ያቋቋምነውን የሚመስል ነገር፣ ድንበር የጣላቸው ሰዎችም ከመቶ ዓመት በፊት አቋቁመውት ነበር። በገዛ አገሩ እንግዳ የሆነና አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው የሚቸግራቸው ነገር ይመሳሰላል።

ከሳን ልዊስ ወደ ደቡብ ካውንቲው የሚያልቀው ጋርሲያ በምትባል መንደር ነው። ከእሷ አለፍ ብላ ከካውንቲው ጋር አንድ ስም ያላት ኮስቲያ መንደር አለች፤ ግን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ናት። በ1861 የኮሎራዶ ግዛት ሲፈጠር መስመሩ በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰመረና ጎረቤታሞቹን መንደሮች ለያየ። ከታኦስ የመጣ አንድ ገበሬ ሜክሲካዊ ሆኖ ተወልዶ፣ በ1848 አሜሪካዊ፣ በ1850 የኒው ሜክሲኮ ግዛት ሰው፣ በ1861 ኮሎራዶአዊ ተባለ፤ በመጨረሻው ለውጥ ጊዜ ከእርሻው እንኳ አልተነሣም። የኮስቲያ ወንዝ ግን መስመሩን አያውቀውም፤ ወዲያና ወዲህ እያለ ይሻገረዋል። ሁለቱ ስቴቶች ውሃውን ለመካፈል በ1944 ውል ገብተዋል። በስተምዕራብ የካውንቲው ወሰን የሆነው ሪዮ ግራንዴም ከዚህ ወርዶ፣ ኒው ሜክሲኮን አቋርጦ፣ ቴክሳስ ሲደርስ ዛሬ አጥርና ወታደር የሚጠብቀው የአሜሪካና የሜክሲኮ ድንበር ይሆናል። እዚህ በጎች የሚጠጡት ውሃ እዚያ ሰው ሊሻገረው ሲል የሚሰጥምበት ነው። የእኛም ጓንግ ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ፣ በመተማ ቆላ አልፎ፣ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትቃጠል በጋላባት በኩል ወደ መተማ የፈለሰውን ሕዝብ ኦሮራ ሆኜ በስልክ ሰማሁ፤ ዘመዶቼ ውሃና ዳቦ ይዘው ወጥተው ነበር። ጋሼ ያኔ «ተራው የኛ ነው» ብለው ነበር፤ ገዳሪፍ ላይ በረሃብ ዘመን ያበላቻቸውን ሱዳናዊት ሴት እስከ ዛሬ በጸሎታቸው ያነሣሉ።

ጋርሲያ ላይ ብዙ አልቆየንም። ወደ ሰሜን ስንመለስ ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ያስቀመጧትን ወረቀት አወጡ፤ የጎማ ቦቱ ሽማግሌ የማዮርዶሞውን ስልክ ጽፈው ሰጥተዋቸው ነበር። በጸደይ ቦዩ ሲጠረግ ሁሉም ባለድርሻ ሰው መላክ አለበት፤ ልጆቹ ዴንቨር የቀሩበት ግን ማንን ይልካል?

«ከቤተ ክርስቲያናችን አሥር ወጣት ብናመጣ አንድ ቀን ይበቃቸዋል» አሉ።

«አካፋ ይዘው የማያውቁ ልጆች ናቸው ጋሼ።»

«እኔ አሳያቸዋለሁ። ቦይ መጥረግ ማለት የሣሩን ሥር ከዳር ዳር መቁረጥ ነው፣ ጭቃውን ወደ ታችኛው ዳርቻ መጣል፣ ከዚያ መቅደም አይደለም፣ ጎን ለጎን መሄድ ነው።» እጃቸው በአየር ላይ ይቆርጥና ይጥል ነበር። ከዚያ ቆጠሩ፤ ዐቢይ ጾም ላይ እንደሚውል ሲያውቁ ትንሽ አሰቡ። «ምግቡም አያስቸግርም» አሉ፣ «ቦሎቄውና ቺኮሱ ቅቤ ካልገባበት የጾም ነው። ሴትየዋን ቀድመን እንነግራቸዋለን።»